«አምስት» እና «ኸምሳ»፦ የአያቶቻችን ቃላት ከየት መጡ?



ቁርኣን ቤት ስንገባ ሃእ፣ ሓእ እና ኻእ የተለያዩ መሆናቸውን እንማራለን፤ አንዱን በሌላው ከተካን ትርጉሙ ይበላሻል። በአማርኛ ፊደልም ሀ፣ ሐ እና ኀ አሉ፤ ዛሬ ግን ሦስቱንም በአንድ ድምፅ እናነባቸዋለን። ታዲያ ሦስት ምልክት ለምን አስፈለገ? ፊደሉ የተቀረጸው ለግዕዝ ስለሆነ ነው፤ በግዕዝ እያንዳንዱ የራሱ ድምፅ ነበረው።

አማርኛ እነዚህን የጉሮሮ ድምፆች ከጊዜ ብዛት ጥሏቸዋል። ግዕዙ «ኀምስቱ» የሚለውን እኛ «አምስት»፣ «ዐሠርቱ» የሚለውን «አሥር»፣ «ኀደረ» የሚለውን «አደረ» እንላለን። ዐረብኛው «ኸምሳ» እና «ዐሸራ» ሲል ዝምድናው ይገለጣል። ይህ ማለት ግን ቁጥሮቻችንን ከዐረብኛ ተዋስን ማለት አይደለም። ሁለቱም ሴማዊ ቋንቋዎች ናቸው፤ ቃሉን የወረሱት ከአንድ ጥንታዊ ምንጭ ነው።

የተዋስናቸው ቃላት ሌሎች ናቸው። «ደብተር» የመጣው ከዐረብኛው «ደፍተር» ነው፤ ዐረብኛው ደግሞ ቆዳ የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የተነሣ ነው። «ሱቅ»ም ዐረብኛ ነው፤ በዐረብኛ ግን ገበያ ማለት ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ለይፋት ልጆች ሩቅ አይደለም። የአማርኛ የቅርብ ዘመድ የሆነው አርጎብኛ፣ አማርኛ የጣለውን የ«ሀ» ድምፅ በበርካታ ቃላት ጠብቆ ቆይቷል። በተለይ የሾንኬና የጦለሃ አነጋገር በዚህ ይታወቃል። ዎልፍ ሌስላው የተባሉት የሴማዊ ቋንቋዎች ምሁር በ1997 እ.ኤ.አ. በአርጎብኛ ላይ መጽሐፍ አሳትመዋል። ሆኖም በሐረር በኩል የነበረው አርጎብኛ ጠፍቷል። በሸዋ ሮቢትና በአልዩ አምባ አካባቢም ብዙ አርጎባዎች አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ ነው። አዛውንት ባለፉ ቁጥር ያልተጻፈ ቃል አብሮ ይቀበራል።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደ ቆላው የምትወርዱ ሁሉ አንድ ደብተር ያዙ። አያቶቻችሁን የእርሻ፣ የወጥ ቤትና የሽመና ዕቃዎችን ስም ጠይቁ። ቃሉን፣ ትርጉሙንና የተሰማበትን ቀበሌ ጻፉ። የጉሮሮ ድምፅ ከሰማችሁ በዐረብኛ ፊደልም አስፍሩት፤ የቁርኣን ቤት ትምህርታችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል። የሰበሰባችሁትን ይዛችሁልን ኑ፤ ኢንሻአላህ አብረን እናነበዋለን።