ላገረሸ በሽታ አዲስ ምስክር

እስቲ ሁለት ሕመምተኞች በአንድ ሐኪም ፊት ተቀምጠዋል እንበል። ሁለቱም ሆጅኪን ሊምፎማ የተባለው የንፍፊት ነቀርሳ ይዟቸው ታክመው ተሽሏቸው ነበር፤ አሁን ግን በሁለቱም ላይ አገርሽቷል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሽታቸው አንድ ነው። ሆኖም አንዱ በሁለተኛው ሕክምና ሊድን፥ ሌላው ላይድን ይችላል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላልን?

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። በሁለተኛው ሕክምና ከሕመምተኛው ላይ ደም የሚያመነጩ ሕዋሳት ተወስደው በብርድ ይቀመጣሉ፤ ከዚያም እጅግ ኃይለኛ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ በመጨረሻ የገዛ ሕዋሳቱ ይመለሱለታል። መከራው ብዙ ነው። እንደማይጠቅመው አስቀድሞ ቢታወቅ ሌላ መንገድ በጊዜ ይፈለግለት ነበር።

የጂን ምርመራ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ሕዋስ ውስጥ ያሉት ጂኖች ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሠሩም። የሚሠራ ጂን ኤም አር ኤን ኤ የተባለ ግልባጭ ያወጣል፤ ግልባጩን የቆጠረ ሰው የትኛው ጂን ምን ያህል እንደሚሠራ ያውቃል። በዚህ በሽታ ደግሞ እውነተኞቹ የነቀርሳ ሕዋሳት ከዕጢው ጥቂት እጅ ብቻ ሲሆኑ፥ የሚበዙት በዙሪያቸው የተሰበሰቡ ሌሎች ሕዋሳት ናቸው። ስለዚህ ምርመራው ወንጀለኛውን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱንም ይጠይቃል።

በካናዳ፥ በቫንኩቨር የሚገኙ ተመራማሪዎች በ2017 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አር ኤች ኤል 30 የተባለ፥ 30 ጂኖችን የሚቆጥር ምርመራ አወጡ። አስጊ ከተባሉት ወገን ከሕክምናው በኋላ 5 ዓመት ያለ እንከን የቆዩት ከመቶ 24 ገደማ ነበሩ፤ አስጊ ካልተባሉት ግን ከመቶ 77 ገደማ።

ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያው ሕመም ጊዜ ከተወሰደው ናሙና ይልቅ፥ ካገረሸ በኋላ የተወሰደው የተሻለ ምስክር ሆኖ ተገኘ። በመካከሉ በነቀርሳው ዙሪያ ያሉት ሕዋሳት ሊለወጡ ይችላሉና። ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም እንደሚባለው፥ ያገረሸ በሽታ በአሮጌ ናሙና ሊፈረድበት አይገባም።

ፍርድ ስንልም እንጠንቀቅ። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ወገኑ እንጂ ስለ እያንዳንዱ ሰው አይደለም። አስጊ ከተባሉትም መካከል ከመቶ 24ቱ ያህል በደኅና ቆይተዋል። በሐኪሙ ፊት የተቀመጠው ሕመምተኛ ከእነዚህ አንዱ ይሁን አይሁን ምርመራው አይነግረንም። ስለዚህ ውጤቱ ሕክምናን ለመምረጥ ይርዳ እንጂ፥ ተስፋን ለመቁረጫ አይዋል።