ያውቁ ኖሯል? ያልነኩት ፋይል «ለውጡ ይቀመጥ?» የሚለው ለምንድን ነው?

በፕሮግራም የተዘጋጀ የኤክሴል ፋይል ከፍተው፣ አንዲት ሴል ሳይነኩ ሲዘጉት «ለውጡ ይቀመጥ?» ሊልዎት ይችላል። አይጠራጠሩ፤ ማንም አልነካካብዎትም።

ኤክሴል ራሱ ፋይል ሲያስቀምጥ ከየቀመሩ ጋር የመጨረሻውን ውጤት አብሮ ይጽፋል። ኤክስኤልኤስኤክስ ራይተር የተባለው የፓይተን ፕሮግራም ቋንቋ መሣሪያ ግን ቀመሩን ይጽፋል እንጂ አያሰላም፤ በውጤቱ ቦታ 0 አስገብቶ «ሲከፈት ሁሉም እንደገና ይሰላ» የሚል ምልክት ይተዋል። ኤክሴልም ያሰላል፤ የተገኘው ውጤት ደግሞ ለእሱ አዲስ ለውጥ ነው።

አንዴ ካስቀመጡት ጥያቄው ይቀራል። የዕለቱን ቀን የሚያመጣው «ቱዴይ» የተባለው ቀመር ካለበት ግን በተከፈተ ቁጥር ይመለሳል።

ማስላት በማይችል የስልክ ማሳያ ለምሳሌ የደመወዝ ድምር 0 ሆኖ ቢታይዎት አይደንግጡ፤ ፋይሉን በኤክሴል ከፍተው ያስቀምጡትና መልሰው ይዩት።