ከመቶ ሃያ፦ ከየትኛው መቶ?

«በዚህ ዕቃ ከመቶ ሃያ አተረፍኩ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ትርፉ በዛ ወይስ አነሰ ብለን ነው። ዳሩ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ሃያው የተቆጠረው ዕቃው ከተገዛበት ዋጋ ነው ወይስ ከተሸጠበት?

ለምሳሌ ያህል አንድ ደብተር በ80 ብር ተገዝቶ በ100 ብር ተሸጠ እንበል። ትርፉ 20 ብር ነው፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ይህን 20 ብር ለመግዣው ዋጋ ለ80 ብናካፍለው 25 ከመቶ፣ ለመሸጫው ለ100 ብናካፍለው ደግሞ 20 ከመቶ ይሆናል። ብሩ አንድ ሆኖ ሳለ መቶኛው ሁለት ሆነ ማለት ነው። የፊተኛው በመግዣው ላይ የተደረገ ጭማሪ ሲሆን፣ የኋለኛው ከሽያጩ ውስጥ ለሻጩ የተረፈ ድርሻ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ችግር የሚመጣው አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ነው።

«ታዲያ ይቺ ምን ታመጣለች?» የሚል አይጠፋም። ታመጣለች እንጂ! ሞሰብ ሰፍታ የምትተዳደር አንዲት ሴት ሥራዋን ለባለሱቅ ትሰጣለች፤ ባለሱቁም ከሽያጩ 20 ከመቶ ይወስዳል እንበል። ለስንደዶው፣ ለአክርማው፣ ለቀለሙና ለድካሟ 800 ብር ማግኘት አለባት። «እንግዲያውስ 20 ከመቶ ልጨምርበት» ብላ ዋጋውን 960 ብር ብታደርገው፣ ባለሱቁ ከ960 ብር ላይ 192 ብር ይወስዳል። ለሷ የሚተርፋት 768 ብር ነው። በአንድ ሞሰብ 32 ብር፣ በአሥር ሞሰብ 320 ብር ከድካሟ ላይ ተነሣ። ይህንንም የምታውቀው ብዙ ከሸጠች በኋላ ነው፤ ያውም ካወቀች።

እዚህ ላይ የሚያስፈልገው መጨመር ሳይሆን ማካፈል ነው። ለባለሱቁ 20 ከመቶ ከሄደ ለሷ የሚቀረው 80 ከመቶ ነው። 80 ከመቶው 800 ብር ከሆነ 1 ከመቶው 10 ብር፣ መቶው 1,000 ብር ይሆናል። ከ1,000 ብር ላይ 200 ብር ሲነሣ 800 ብሯ ሳይጎድል እጇ ይገባል።

እንደዚሁም በ80 ብር ዕቃ ላይ 25 ከመቶ ጨምሮ 100 ብር ያለ ነጋዴ፣ ደንበኛ ሲለምነው «25 ከመቶ ቀንሼልሃለሁ» ቢል ወደ 80 አይመለስም፤ 75 ብር ላይ ያርፋል። በ15 ከመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስም ያው ነው። ታክሱን ጨምሮ 1,150 ብር በተከፈለበት ደረሰኝ ውስጥ ያለው ታክስ 150 ብር ነው እንጂ 172 ብር ከ50 ሳንቲም አይደለም፤ 15ቱ የታሰበው ታክስ ሳይጨመርበት ከነበረው 1,000 ብር ነውና።

ነገ መቶኛን ከምናስተምራቸው ልጆች መካከል ከትምህርት መልስ ጉልት ላይ እናታቸውን የሚያግዙ አሉ። ቀመሩን በቃል ከማስያዝ ይልቅ፣ በእኔ አስተያየት፣ ተማሪው «ከመቶ» የሚል ቃል ባየ ቁጥር ከጎኑ «የምን?» ብሎ እንዲጽፍ ማስለመድ ይሻላል። ጠመኔም አይፈጅም።

ለመለማመጃ ይህችን እንተውላችሁ። አንዲት የጉልት ነጋዴ 100 ኪሎ ሽንኩርት በ4,500 ብር ገዛች። 10 ኪሎው በስብሶ ተጣለ። ካወጣችው ገንዘብ 20 ከመቶ ለማትረፍ የቀረውን በኪሎ ስንት ትሽጥ? 54 ብር ያለ ሰው እንደገና ያስላ።