ከተጠባባቂ ወንበር የተነሳ አሰልጣኝ

ዳግ ፒደርሰን እ.ኤ.አ. በ1991 ኮሌጅ ሲጨርስ ከአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) ክለቦች አንዱም በድራፍት፣ ማለትም በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ፣ አልወሰደውም። በ2004 ጫማውን እስኪሰቅል ድረስ በቋሚ ኳርተርባክነት የጀመረው 17 ጨዋታ ሲሆን ያሸነፈው 3ቱን ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በግሪን ቤይ ፓከርስ የብሬት ፋቭር ተጠባባቂ ነበር፤ ፋቭር ደግሞ እየታመመም ቢሆን ከሜዳ የማይቀር ሰው ነበር።

እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው እንዴት ዋና አሰልጣኝ ይሆናል? መልሱ ያለው እዚያው ወንበር ላይ ይመስለኛል። ኳርተርባክ ኳሷን ተቀብሎ ማጥቃቱን የሚመራ ስለሆነ፣ ካልተጎዳ በስተቀር እምብዛም አይቀየርም። ተጠባባቂው ግን ቁጭ ብሎ አይውልም። የተጋጣሚን ቪዲዮ ያጠናል፣ ስብሰባ ላይ ይገኛል፣ ከሜዳው ጠርዝ ያየውን ለቋሚው ይነግራል። ማልያ ለብሶ የረዳት አሰልጣኝ ሥራ ይሠራል ማለት ነው።

ፒደርሰን መጀመሪያ ያሰለጠነው ሽሪቭፖርት ከተማ ውስጥ ባለ አነስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በ2009 የቀድሞ አሰልጣኙ አንዲ ሪድ ረዳቱ አድርጎ ወደ ፊላደልፊያ ኢግልስ ወሰደው፤ በ2016 የዚያው ክለብ ዋና አሰልጣኝ ሆነ።

ትምህርቱ የተፈተነው በታኅሣሥ 2017 ነው። ኮከብ ኳርተርባኩ ካርሰን ዌንትዝ ጉልበቱን ተጎዳና ተጠባባቂው ኒክ ፎልስ ገባ። ቀጥለው ከመጡት ጨዋታዎች አንዳንዶቹ አላማሩም። ፒደርሰን ፎልስን ዌንትዝ ላድርግህ አላለውም፤ የፎልስን የድሮ ቪዲዮዎች አይቶ፣ የሚመቹትን አጨዋወቶች መለሰለት።

እ.ኤ.አ. የካቲት 4 ቀን 2018፣ የሊጉ የዋንጫ ጨዋታ ሱፐር ቦውል። ኢግልስ ኒው ኢንግላንድን 15 ለ12 እየመራ ነው፤ ለዕረፍት 38 ሰከንድ ቀርቷል፤ አራተኛውና የመጨረሻው ሙከራ፣ ከጎል መስመሩ አንድ ያርድ ላይ። ብዙ አሰልጣኝ ኳሷን አስመትቶ 3 ነጥቡን ይወስዳል። ፎልስ ወደ ጠርዝ መጥቶ ከተለማመዱት ማታለያ አንዱን ጠየቀ፤ ፒደርሰን ጥቂት አሰበና ፈቀደ። ኳሷ በቀጥታ ለኮሪ ክሌመንት ሄደች፤ እሱ ለትሬይ በርተን አቀበለ፤ በኮሌጅ ኳርተርባክም ተጫውቶ የነበረው በርተን ማንም ወዳላስተዋለው ፎልስ ወረወራት። ታችዳውን! ጨዋታው 41 ለ33 አለቀ፤ ለክለቡም የመጀመሪያው የሱፐር ቦውል ዋንጫ ሆነ።

ብዙዎች ድፍረቱን ያደንቁለታል። እኔ የሚገርመኝ ግን በጨዋታው መሃል ሐሳቡን ከተጠባባቂ መቀበሉ ነው፤ ራሱ ለዓመታት ሐሳብ አቅራቢ ነበርና።

ይህ ችሎታ ለሁሉም ችግር አልበቃም። በ2020 የወረደው ኮከቡ ዌንትዝ ነበር፤ ፒደርሰን ሊያስተካክለው ስላልቻለ በጄለን ኸርትስ ተካው፤ ቡድኑ በውድድር ዘመኑ 4 ጨዋታ ብቻ አሸነፈ። ከዋንጫው ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ተሰናበተ።