የሃርድ ዲስክ ሽንሻኖና የተማሪዎች መዝገብ

በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ በሊነክስ የሚሠራ ኮምፒዩተር አለ እንበል። የሴሚስተሩ መዝጊያ ደርሶ፣ ማርክ ሊስቶች ተሰብስበው ሮስተር በሚዘጋጅበት ሰሞን ኮምፒዩተሩ ባዶ ቦታ እንደሌለው ያስታውቃል፤ ዲስኩ ሲመረመር ግን ከእኩሌታው በላይ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ይህ የሚሆነው ዲስኩ ስላነሰ ሳይሆን፣ ሊነክስ በተጫነበት ዕለት የተደረገው አከፋፈል ከኋላ ከመጣው ሥራ ጋር ስላልተጣጣመ ነው። አከፋፈሉን እንደገና ማስተካከል ይቻላል። ይሁን እንጂ ሥራው በዲስኩ ላይ ያለውን የተማሪ ውጤት ሁሉ ለአደጋ የሚያጋልጥ በመሆኑ፣ አሠራሩን አስቀድሞ መረዳት ያሻል።

ፓርቲሽን የሚባለው አንድ ዲስክ የሚከፈልበት ድርሻ ነው። በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ በዓለም ባንክ ወይም በቤቴል በኩል፣ መሬት ተሸንሽኖ ችካል ሲተከል ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። በመሬቱ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ አንደኛው በፕላን የተመዘገበው ወሰን፣ ሁለተኛው በወሰኑ ውስጥ የተሠራው ቤት ነው። በዲስክም ላይ እንዲሁ ነው። ወሰኑ የሚጻፈው በዲስኩ መነሻ ላይ በሚገኝ ሰንጠረዥ ሲሆን፣ ቤቱ ደግሞ ፋይሎች የሚቀመጡበት የፋይል ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው የቀድሞው ሰንጠረዥ ከአራት የበለጠ ዋና ፓርቲሽን አይቀበልም፤ ጂ.ፒ.ቲ. የተባለው አዲሱ ግን በተለመደው አሠራር እስከ 128 ይይዛል።

ወሰንና ቤት የተለያዩ መሆናቸው ለሥራው ቅደም ተከተል መሠረት ነው። ፓርቲሽንን ማሳነስ ሲፈለግ አስቀድሞ የፋይል ሥርዓቱ፣ ቀጥሎ ወሰኑ ይቀነሳል። ማስፋት ሲፈለግ ተቃራኒው ይሆናል። ይህን ያዛባ ሰው አጥሩን በቤቱ መሐል ያሳልፋል፤ ከአጥሩ ውጭ የቀረውም ክፍል የሌላ ይዞታ ይሆናል።

ዋናው ችግር ግን የሚነሳው ከአቅጣጫ ነው። ለምሳሌ ያህል፣ ባለ 500 ጊጋባይት ዲስክ ላይ የመጀመሪያው 30 ጊጋባይት ለሥርዓቱ፣ የቀረው 470 ጊጋባይት ለተጠቃሚዎች ፋይል ተመድቦ፣ ከዚህ ውስጥ 200 ጊጋባይቱ ተይዟል እንበል። የሞላው የመጀመሪያው ነው። እርሱን ለማስፋት ቦታው ከጎረቤቱ መነሻ ላይ መወሰድ አለበት። ጎረቤቱ ከመጨረሻው በኩል ቢቀነስ ኖሮ ሥራው በአጭር ጊዜ ባለቀ ነበር፤ ከመነሻው በኩል ሲቀነስ ግን ቤቱ ከነመሠረቱ ወደ ፊት መገፋት ይኖርበታል። ዲስኩ በሴኮንድ 50 ሜጋባይት ቢያዛውር እንኳ 200 ጊጋባይት ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። በዚህ መሐል መብራት ቢጠፋ ግማሹ በአዲሱ፣ ግማሹ በአሮጌው ቦታ ይቀራል። ተራ ዩ.ፒ.ኤስ. የሚያቆየው ለደቂቃዎች ብቻ በመሆኑ አስተማማኝ አይደለም። ባትሪው ጤነኛ የሆነ ላፕቶፕ ከዚህ አንጻር የተሻለ ነው፤ ከዴስክቶፕ ዲስኩን ፈትቶ በማገናኛ ገመድ ከላፕቶፕ ጋር አያይዞ መሥራትም ይቻላል።

ስለዚህ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ወሰን መነካቱ በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም። ፕሮግራሞች ሲጫኑ የተጠራቀሙትን የመጫኛ ፋይሎችና ያረጁ የሥራ መዛግብትን ማጥፋት፣ ወይም አንድ ትልቅ ፎልደርን ወደ ሰፊው ፓርቲሽን አዛውሮ በቀድሞው ቦታ ማመላከቻ መተው ችግሩን ያቃልላል። ከመጀመሪያውም ቢሆን ለትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ሁለት ፓርቲሽን ይበቃዋል፤ አንዱን ዲስክ ስድስትና ሰባት ቦታ መቆራረጥ የጥንቃቄ ምልክት ቢመስልም፣ ውሎ አድሮ የሚያተርፈው ይህንኑ ጣጣ ነው።

ማስተካከሉ የግድ ከሆነ፣ የሰነዶቹ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ይያዛል፤ ቅጂውም በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍቶ ይነበባል። እዚህ ላይ የአማርኛ የፋይል ስሞች ልዩ ትኩረት ይሻሉ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ቁጥር አግኝቶ በዩኒኮድ ውስጥ ስለተካተተ ስሞቹን መጻፍ አያስቸግርም፤ ሆኖም በሊነክስ የተለመደው ኤክስት4 የተባለው የፋይል ሥርዓት ለአንድ ስም 255 ባይት ብቻ ይፈቅዳል፤ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ስለሚወስድ ከ85 ፊደል በላይ የሆነ ስም አይቀበልም። ከዊንዶውስ ወደ ሊነክስ ሲገለበጡ የሚጎድሉ ፋይሎች አንዳንድ ጊዜ ምክንያታቸው ይኸው ነው። በፋት32 የተዘጋጀ ፍላሽ ደግሞ አራት ጊጋባይት የሞላ ፋይል አይቀበልም።

ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ ሊነክስ ከተጫነበት ፍላሽ እንዲነሳ ይደረጋል፤ ኤክስት4 በሥራ ላይ እያለ ሊሰፋ ቢችልም ሊቀነስ አይችልምና። የፋይል ሥርዓቱ ስሕተት እንደሌለበት ይመረመራል። ጂፓርትድ የተባለው ፕሮግራም የታዘዘውን ሁሉ በዝርዝር ያሳያል እንጂ የማጽደቂያው ትእዛዝ እስኪሰጥ ድረስ በዲስኩ ላይ ምንም አይጽፍም፤ ስለሆነም ዝርዝሩን ሁለት ሰው ቢያነበው መልካም ነው። ፓርቲሽኑ ተሰርዞ እንደገና ከተፈጠረ መለያ ቁጥሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ የሚያነበው የፓርቲሽኖች ዝርዝር ፋይል በአዲሱ ቁጥር ካልታረመ፣ ሰነዶቹ ሳይነኩ ማሽኑ አልነሳም ሊል ይችላል።

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ይህን ትምህርት በመዝገብ ቤት ዲስክ ላይ ማለማመድ አይገባም። ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ለሁለት ተከፍሎ፣ በሁለተኛው ፓርቲሽን ላይ ዋጋ የሌላቸው ፋይሎች ተጭነው፣ መነሻው ወደ ፊት ሲገፋ በመሐል ፍላሹ ይነቀል። ሠልጣኞቹ መልሰው ሰክተው የትኞቹ ፋይሎች እንደሚከፈቱ፣ የትኞቹ ስማቸው ብቻ እንደቀረ፣ ወይም ፓርቲሽኑ ጨርሶ አልከፈት ማለቱን በየደብተራቸው ይመዝግቡ።