ስለ ነጭ ጢስና ስለ ትንሽ አይሮፕላን



ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አይሮፕላን በአገራችን ምድር ላይ ያረፈበት ቀን ነው። ፈረንሳዊው አብራሪ አንድሬ ማዬ ፖቴዝ 25 የምትባለውን ባለ ድርብ ክንፍ አይሮፕላን እያበረረ አዲስ አበባ ደረሰ። ቀኑን ልብ ብሎ ለተመለከተው ሰው የደብረ ታቦር በዓል ዋዜማ ነበረ፤ ይኸውም ልጆች ጅራፍ የሚያጮኹበት፣ በየደጁም ችቦ የሚበራበት የቡሄ ማምሻ ነው።

ከዚህ በዓል ጋር አንድ ስም ያላት ደብረ ታቦር መናገሻ ከተማው ለነበረችው ለበጌምድር ግን አይሮፕላን የመጣው በበዓል መልክ አልነበረም። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት የማዕከላዊው መንግሥት አይሮፕላኖች በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ ቦምብ ጣሉ። ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የፋሺስት ኢጣልያ አይሮፕላኖች በተከዜና በሌሎችም የጦር ግንባሮች በወታደሩና በባላገሩ ላይ የመርዝ ጢስ አፈሰሱ። ስለዚህ በዚያ አገር ከአይሮፕላን ጅራት የሚወጣ ነጭ ነገር ሁሉ እንዲያው ጨዋታ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

በሌላ በኩል ደግሞ አይሮፕላን በአገር ውስጥ መሥራት ለእኛ እንግዳ አሳብ አይደለም። በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው «ፀሐይ» በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር መሪነት ተሠርታ በረረች፤ በወረራው ጊዜ ወደ ኢጣልያ ተወስዳ ብዙ ዘመን በሙዚየም ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመለሰች። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ኢትዮጵያዊ በቮልስዋገን መኪና ሞተር የምትንቀሳቀስ ትንሽ አይሮፕላን በገዛ እጁ ሠርቶ ወሬው በዓለም ተሰማ። እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ አይሮፕላን አንድ ቀን በደብረ ታቦር ሰማይ ላይ በበዓል ቀን ነጭ ጢስ እየሳበ እንዲበር ብንመኝ መሣሪያው እንዴት ይገጠማል? በምንስ ላይ መጠንቀቅ ያሻል? የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ነው።

ከሁሉ በፊት ጢሱ ምን እንደ ሆነ መረዳት ይገባል። የችቦ ጢስ የሚነድ እንጨት ጢስ ነው፤ እሳቱ በሚገባ ያላነደደው ፍም፣ ጥቀርሻና እንፋሎት ተቀላቅሎ ይወጣል። የአይሮፕላኑ ነጭ ጢስ ግን እንደዚህ አይደለም። ወጥ የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ምጣድ ከመጠን በላይ ሲግል በላዩ ያለው ዘይት ሳይነድ ነጭ ነገር ያትጐለጕላል። በጉና ተራራ ሥር ማለዳ የተነሣ ሰውም ትንፋሹ በብርዱ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ያያል። የሁለቱ ምሥጢር አንድ ነው፤ በሙቀት ተን የሆነው ነገር ቀዝቃዛውን አየር ሲያገኝ ተመልሶ ጥቃቅን ጠብታ ይሆናል፤ ጠብታዎቹም የፀሐይን ብርሃን ስለሚበትኑ ዓይን ነጭ አድርጎ ያያቸዋል። የአይሮፕላኑም ጢስ በሞተሩ ትኩሳት ተን ሆኖ በውጭው አየር የረጋ ዘይት ነው። ስለዚህ የገጣሚው ሥራ ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጠቃለላል፤ ዘይቱ ተን ይሁን፣ ነገር ግን አይንደድ።

ይህ ጥበብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1922 እንግሊዛዊው ሲሪል ተርነር በሎንዶን አቅራቢያና በኒውዮርክ ላይ በጢስ ፊደል ሰማይ ላይ ጽፎ ሕዝቡን አስደንቋል። እንደዚህ ያሉ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉት ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ብለው ነው። ደብረ ታቦር ራሷ የቆመችው 2,700 ሜትር ያህል ላይ ስለ ሆነ፣ እነዚያ ሰማይ ያሉት ለደብረ ታቦር ሰው የጎረቤት ኮረብታ ነው። ይህ ነገር ወደ ኋላ በሒሳባችን ውስጥ ይመለሳል።

መሣሪያው አምስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው ዘይቱ የሚቀመጥበት ታንክ ነው። ሁለተኛው ጉድፍ የሚያስቀር ማጣሪያ ነው። ሦስተኛው በአይሮፕላኑ ባትሪ የሚሠራ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። አራተኛው ዘይቱ የሚተላለፍበት ቱቦ ከነመዝጊያዎቹ ነው። አምስተኛውም በሞተሩ ጢስ ማውጫ፣ መካኒኮች ማርሚታ በሚሉት ቧንቧ ውስጥ የሚገባው መርጫ አፍንጫ ነው። ዘይቱ ቀጭንና የተጣራ የፓራፊን ዘይት ይሆናል፤ ቤንዚን ግን ፈጽሞ ወደዚህ ታንክ አይገባም።

ከአምስቱ ሁሉ ብርቱ ጥንቃቄ የሚጠይቀው መርጫው ነው። ከሲሊንደሩ የሚወጣው የተቃጠለ አየር ከ600 እስከ 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። መርጫው ከሲሊንደሩ ብዙ ርቆ በቧንቧው ጫፍ ቢገጠም ትኩሳቱ ይቀንሳል፤ ዘይቱም ተን ሳይሆን በጠብታነቱ ወጥቶ የአይሮፕላኑን ሆድ ያለብሳል። ስለዚህ የቧንቧው ትኩስ ክፍል ላይ፣ የሚረጨውም ነገር ወደ መውጫው ፊቱን አዙሮ ይገጠማል። ዘይቱ በዚያ ትኩሳት መካከል የማይነደው ሞተሩ አየሩን አስቀድሞ ስለ ተጠቀመበት ለእሳት የሚበቃ ኦክስጅን በቧንቧው ውስጥ ስለማይቀር ነው። ነገር ግን ቧንቧው ስንጥቅ ካለበት ወይም መጋጠሚያው ከላላ ንጹሕ አየርና ትኩስ ተን በሞተሩ ክፍል ውስጥ ይገናኛሉ፤ በዚያን ጊዜ ጢስ መሆኑ ቀርቶ እሳት ይሆናል። ደግሞም በዚያው ስንጥቅ በኩል ሽታ የሌለው የካርቦን ሞኖክሳይድ መርዝ ወደ አብራሪው ክፍል ሊገባ ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው ከመገጠሙ በፊት የጢስ ማውጫው ቧንቧ ከዳር እስከ ዳር መመርመር አለበት፤ ከተገጠመም በኋላ ምርመራው አይቋረጥም፤ ቀዝቃዛ ዘይት የጋለውን ብረት ደጋግሞ ሲነካው ብረቱን ያደክመዋልና።

በሞተሩና በአብራሪው መካከል ያለው የእሳት መከላከያ ግድግዳ የሁለት ዓለም ድንበር ነው። ከግድግዳው ወዲያ፣ በሞተሩ በኩል፣ የሚያልፈው ቱቦ እሳት የሚችል ልባስ ያለው፣ መጋጠሚያውም የብረት መሆን አለበት፤ ተራ የጎማ ቱቦ ለዚህ አይሆንም። በመርጫው አጠገብ ዘይት ወደ ፊት ብቻ እንዲያልፍ የሚያደርግ መዝጊያ ይገባል፤ እሱ ከሌለ የሞተሩ ትኩስ ትንፋሽ በቱቦው ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ዘይቱ ሊገባ ይችላል። በአብራሪው እጅ አቅራቢያ ደግሞ ፓምፑ ቢበላሽ እንኳ ዘይቱን የሚያቆም ሌላ መዝጊያ ይኖራል። የፓምፑ ሽቦ የራሱ ፊውዝ፣ ማብሪያውም ሳይታሰብ እንዳይነካ መከለያ፣ ሥራ ላይ መሆኑን የምታሳውቅ መብራትም ያስፈልጉታል። የታንኩ መተንፈሻ አፉ ከአብራሪው ክፍል ውጭ ይሁን።

አሁን ወደ ክብደት ጉዳይ እንሻገር። በመሥሪያ ቤት በጀት የያዘ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ አይሮፕላን የተወሰነ የክብደት በጀት አላት፤ አንዱ ነገር ሲጨመር ሌላው መቀነስ አለበት። አንድ ሊትር ዘይት 850 ግራም ያህል ይመዝናል። 15 ሊትር ብንይዝ 13 ኪሎ ያህል ነው፤ ታንኩ፣ ፓምፑና ቱቦው 5 ኪሎ ቢሆኑ ድምሩ 18 ኪሎ ይደርሳል። በደቂቃ አንድ ሊትር ተኩል ቢፈስ ያ ሁሉ ሸክም የሚሰጠን ጢስ የ10 ደቂቃ ብቻ ነው። ደግሞ ክብደቱ የትም ይቀመጥ አይባልም። ታንኩ ከአይሮፕላኗ የክብደት ማዕከል ብዙ ርቆ ወደ ጅራት ቢገባ አፍንጫዋ ወደ ላይ ይቃጣል፣ መቆጣጠርም ያስቸግራል፤ ወደ ፊት አብዝቶ ቢገባም አፍንጫዋ ይከብዳል። ስለዚህ በተቻለ መጠን ከማዕከሉ አጠገብ ይታሰራል፤ ዘይቱ ሲያልቅም ሚዛኑ ብዙ አይለወጥም። ከዚህ በኋላ አይሮፕላኗ በሚዛን ላይ ወጥታ፣ ታንኩ ሞልቶም ባዶ ሆኖም፣ ሒሳቧ እንደገና መጻፍ አለበት።

ይህ ሒሳብ በቆላ ቢሳሳት ምናልባት ይታለፍ ይሆናል፤ በደጋ ግን አይታለፍም። በደብረ ታቦር ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ በባሕር ወለል ካለው አየር ጋር ቢመዛዘን ከመቶ 70 ያህሉ ብቻ ነው። እንግዲህ በባሕር ወለል 100 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ተራ ሞተር በደብረ ታቦር 70 ያህል ብቻ ይሰጣል። ክንፉም በስስ አየር ያንኑ ክብደት ለማንሣት በመሬት ላይ ከመቶ 18 ያህል የሚበልጥ ፍጥነት ይፈልጋል። ጉልበት ቀንሶ የሚፈለገው ፍጥነት ሲጨምር የመነሻው ሩጫ ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። በጣና ዳር ባለው በፎገራ ሜዳ፣ 1,800 ሜትር ያህል ላይ፣ ነገሩ ይቀላል፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ጉና ግርጌ የሚወጣ አብራሪ ግን በየደረጃው ጉልበት እየከፈለ መሄዱን ማወቅ አለበት። ስለዚህ ጢስ ከመጫኑ በፊት «አይሮፕላኗ ያለ ጢስ በዚህ ደጋ ላይ በቂ ትርፍ ጉልበት አላትን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። መልሱ አጠራጣሪ ከሆነ የጢሱ ጉዳይ እዚያው ላይ ያበቃል።

ደጋው በጢሱ ላይም ሌላ ለውጥ ያመጣል። ሞተሩ የሚስበው አየር ሲቀንስ በጢስ ማውጫው የሚወጣው ትኩስ አየርም ይቀንሳል፤ ተን ሊያደርገው የሚችለውም ዘይት በዚያው መጠን ያንሳል። በቆላ የተስተካከለ መርጫ በደብረ ታቦር ዘይት ያበዛል፤ ያልተነነው ዘይት በቧንቧው ውስጥ ይጠራቀማል፣ በሆዷም ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ የዘይቱ መጠን እንደ ቦታው ተቀንሶ፣ እዚያው ደጋ ላይ ይስተካከላል። በዚሁ ምክንያት ጢስ የሚለቀቀው ሞተሩ በብርቱ ሲሠራ ብቻ ነው። አብራሪው ጉልበት ሊቀንስ ሲል አስቀድሞ ጢሱን ይዘጋል፤ ይህን ቢረሳ በቀዘቀዘው ቧንቧ የተኛው ዘይት ሞተሩ እንደገና ሲነሣ ሊቀጣጠል ይችላል።

ሙከራውም በየደረጃው ይሁን። በመጀመሪያ አይሮፕላኗ ያለ መሣሪያው ብዙ ጊዜ በርራ ጠባይዋ ይታወቅ። ቀጥሎ መሣሪያው ተገጥሞ፣ የእሳት ማጥፊያ የያዘ ሰው በአጠገብ ቆሞ፣ በመሬት ላይ ይሞከር። ከዚያ ታንኩ ባዶ ሆኖ ትብረር፤ በኋላም በጥቂት ዘይት፤ በመጨረሻ በሙሉው። ይህ ሁሉ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሳያውቀውና ሳይፈቅደው የሚደረግ አይደለም።

ቀኑን መምረጥም ጥበብ ነው። ቡሄ በክረምት ስለሚውል ነጭ ጢስ በነጭ ደመና ላይ አይታይም፤ ለዓይን የሚያምረው ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ በሚጠራበት በጥቅምትና በኅዳር፣ ነፋስም በማይበረታበት ማለዳ ነው። ነፋስ ካለ የተሣለው መስመር ወዲያው ይበተናል።

በመጨረሻ ከብረቱና ከዘይቱ የማያንስ አንድ ነገር አለ። አስቀድመን እንደ ተናገርነው ያ አገር ከሰማይ የወረደ መርዝ የሚታወስበት አገር ነው። በሜዳ ከብት የሚጠብቅ ልጅ፣ ከአያቱም የጦርነቱን ወሬ የሰማ ሰው፣ ድንገት ነጭ ጭረት በላዩ ቢያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ስለዚህ ከበረራው በፊት በቀበሌ፣ በቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት፣ በመስጊድና በገበያ ቀን «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ለበዓል ማድመቂያ ነው» ተብሎ ለሕዝቡ ይነገር፤ በረራውም ከቤት፣ ከከብትና ከሰብል ራቅ ይበል። ማስታወቂያው ከመሣሪያው አንዱ ክፍል እንደ ሆነ ይቈጠር።

እንግዲህ፣ ክቡራን አድማጮች፣ ተመልካቹ የሚያየው የ10 ደቂቃ ነጭ መስመር ነው፤ ያ መስመር ያለ አደጋ እንዲሣል ግን የተመረመረ ቧንቧ፣ የተመዘነ ሸክም፣ በደጋው ልክ የተቀነሰ ዘይትና አስቀድሞ የተነገረው ሕዝብ በስተኋላው ይቆማሉ። ከእነዚህ አንዱ ከጐደለ ጢሱ ቢቀር ይሻላል፤ ሁሉም ከተሟሉ ግን በአንድ ወቅት ቦምብና መርዝ ያወረደው ሰማይ ለልጆች ደስታ ሊሆን ይችላል።