ፊክስ መስኮትና ዶሮ ቤት

መቶ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች በቀን 20 ሊትር ያህል ውሃ ይጨርሳሉ። ከዚያ ውስጥ በእንቁላል የሚወጣው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው በኩስና በትንፋሽ እዚያው ቤት ውስጥ ይለቀቃል። ደንበኛ ስለ መስኮቱ ብርሃን ሲያወራኝ እኔ የማስበው ይህን ውሃ ነው። በያጅ እንጂ የዶሮ ሐኪም አይደለሁም። ግን ያ እርጥበት መውጫ አጥቶ ሌሊቱን ቆርቆሮው ሥር አድሮ፣ ጠዋት ጉዝጓዙ ላይ ጠብ ጠብ ሲል የመስኮቱ ሥራ ጎዶሎ እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ከፒያሳ፣ ኋላም ከካዛንቺስ ፈራሽ ቤቶች የወጣ የብረት መስኮት እንደ ልብ ይገኛል። ያገለገለ ዕቃ ወደሚሸጥበት ምናለሽ ተራ መውረድ ነው። ከድሮዎቹ ብዙዎቹ ብረታቸው ወፍራም ነው፤ የዛሬው ስስ ላሜራ አጠገባቸው አይቆምም። የሚከፈተውን ግን ቤት የሚሠራው ሰው ቀድሞ ያነሳዋል። ለዶሮ አርቢው የሚተርፈው የማይከፈተው፣ ፊክሱ ነው፤ እሱም መስታወቱን አይቶ መስኮት ገዛሁ ብሎ ይመጣል።

አንዲት የሱሉልታ ደንበኛዬ፣ "ልጄ፣ እንዳለ ግጠምልኝ፤ ብርድ እንዳይመታቸው" አሉኝ።

"እትዬ፣ ዶሮ እኮ ካፖርቷን ለብሳ ነው የተፈጠረችው። ብርድ የሚጎዳት ስትረጥብ ነው።"

አልተዋጠላቸውም። አይፈረድባቸውም፤ ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቀን ተቀምጠን መስኮት የከፈተውን የምንቆጣ ሰዎች ነን። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሲበረታ ደግሞ አርቢው ያለችውን ቀዳዳ ሁሉ በማዳበሪያ ጆንያ ይወትፋል። ጠዋት መስታወቱ ሲያልበው "በጣም በርዷቸዋል" ይልና የቀረችውንም ክፍተት ይደፍናታል። መስታወቱ ያላበው ግን እርጥበቱ መሄጃ አጥቶ ነው።

ጉዝጓዙ ሲረጥብ ኩሱ አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያ የዶሮዋን ዓይን ያቃጥላል፣ የመተንፈሻ ቧንቧዋን ያቆስላል፣ ለሌላ በሽታም በሩን ይከፍታል። (ፈንግልን የሚከላከለው ክትባት ነው፤ በመስኮት እንዳታመኻኙ።) ችግሩ የባለቤቱ አፍንጫ ሽታውን መልመዱ ነው። ስለዚህ ደንበኞቼን ንጋት ላይ በሩን እንደከፈቱ ገብተው ዶሮዋ በምትተነፍስበት ከፍታ ቁጢጥ እንዲሉ እነግራቸዋለሁ። ዓይናቸውን ከቆጠቆጣቸው ክፍተቱ አንሷል ማለት ነው።

አየሩ በየት ይግባ፣ በየት ይውጣ ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ ከቆጡ በላይ። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ መውጫው ከፍ ማለት አለበት፤ ቆጥ ላይ ያደሩት ጀርባ ላይ ግን መንፈስ የለበትም። በዚህ ምክንያት ፊክሱን እንደ መኝታ ቤት መስኮት በጎን ማጠፊያ ክፈትልኝ ከሚለኝ ጋር አልስማማም። በጎን የተከፈተ መስኮት ነፋሱን ከላይ እስከ ታች ያስገባል፤ አንድ ቀን በኃይል ሲዘጋም መስታወቱ ይረግፋል። ከታች አጥፎ ወደ ውስጥ ማዘንበልም አለ፤ ቀዝቃዛውን አየር ወደ ጣሪያ ስለሚመራው በሐሳብ ደረጃ ግሩም ነው። በተግባር ግን ዶሮዎቹ ጠርዙ ላይ ወጥተው ያድሩበታል፤ መስታወቱ በኩስ ይለሰናል። ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ ክረምት እኔ የምመርጠው ከላይ ታጥፎ ወደ ውጭ የሚገፋውን ነው። ዝናብ ቢወርድም ተከፍቶ ይውላል። ሦስት ቦታ የሚሰካ ሰንሰለት ይበቃዋል።

አሠራሩ ላይ የድሮውን ፍሬም አልቆርጥም። እንዳለ ክንፍ አደርገውና ከአንግል ብረት አዲስ ቴላዮ እሠራለታለሁ። መስታወቱ ግን ከብየዳው በፊት መውጣት አለበት። የግራይንደር ብልጭታ መስታወት ላይ ካረፈ ቀልጦ ይጣበቃል፤ ጥቁር ነጠብጣቡን በምንም አታስለቅቁትም። የብየዳው ሙቀት ደግሞ ይሰነጥቀዋል። የድሮ ስቱኮ ድንጋይ ሆኖ ነው የሚጠብቃችሁ፤ መሮውን ከጎኑ መሐል ጀምሮ በቀስታ ነው ማስኬድ፣ ከጥግ የጀመረ መስታወቱን ይሰናበተዋል። ባለ 4 ሚሊሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ይመዝናል፤ ብረቱ ሲጨመርበት ቀላል ማጠፊያ አይችለውም።

ቀለሙን ችላ አትበሉ። ብዙ የድሮ የዘይት ቀለም እርሳስ አለበት። ዶሮ የተላጠ ቀለም ለቅማ ትውጣለች፤ እርሳሱም ወደ እንቁላሉ ይገባል። ስትፍቁት አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ብናኙን ጠርጋችሁ ከግቢ አውጡ፣ ከዚያ አዲስ ቀለም ቀቡት።

ክፍተቱ ላይ ከውስጥ ሽቦ ይመታል። ተራው የዶሮ ሽቦ ዶሮን ይከለክላል እንጂ አይጥን አይመልስም፤ ሸለምጥማጥም ቢሆን ይፈለቅቀዋል። ግማሽ ኢንች የተበየደ ሽቦ ያዋጣል። የወባ ትንኝ ወንፊት የሚያስመታም አለ፤ በላባና በአቧራ ወዲያው ተደፍኖ መስኮቱን መልሶ ፊክስ ያደርግበታል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ደንበኛን የምመክረው መስኮቱን ሳይነካው እንዲተወው ነው። ፊክሱ ለብርሃን እንዳለ ይገጠም፤ ከእሱ በላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር በሁለቱም ትይዩ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የአንድ ስንዝር ክፍተት ይተውና በሽቦ ይሸፈን። እኔ ከብየዳ ገንዘብ አጣለሁ፤ እሱ ግን ማታ ማታ መክፈትና መዝጋት የማያስፈልገው አየር ያገኛል። የማይረሳ ሠራተኛ አይገኝም። መስታወቱ በሰሜንና በደቡብ በኩል ቢሆን ይመረጣል፤ በምዕራብ የገባ የከሰዓት ፀሐይ ቤቱን ያግለዋል፣ ኃይለኛው ብርሃንም ዶሮዎቹን እርስ በርስ ያነቃቁራል።

አዳማ ወይም ድሬዳዋ ያላችሁ ይህ ምክር አይመለከታችሁም። እዚያ ግድግዳው ራሱ ከወገብ በላይ ሽቦ መሆን አለበት፤ ለመስታወት ገንዘብ አታውጡ።

ለደጋዎቹ፣ ምናለሽ ተራ ስትወርዱ ከመስታወቱ በፊት የፍሬሙን የታች ጥግ በቁልፍ ወጋ ወጋ አድርጋችሁ እዩ፤ ዝገቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ማጠፊያውንና ሽቦውን ግን አዲስ ግዙ።